ፍሬ የሌላቸው ጽዶች

በእኛ አገር ዛፍ አይቆረጥም፤ ይታመማል።

ያደግኩት በደቡብ ምዕራቡ የቡና ደን ውስጥ ነው። እዚያ ዛፍ መጣል የፈለገ ሰው መጥረቢያ ይዞ አይሄድም። በትንሽ ቢላ ከሥሩ ከፍ ብሎ ልጡን ዙሪያውን ይልጠዋል፤ ቁስሉን በእርጥብ ቅጠልና በጭቃ ይሸፍንና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዛፉ ቀስ እያለ ይጠወልጋል። ያኔ ሰውየው የደን ቢሮ ይቀርብና አዝኖ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ «የደረቀ እንጨት አለ፤ ሰው ላይ ሳይወድቅ ላንሳው ወይ?» ይላል። አባቴ የደን ጥበቃ ነበርና የደረቀ ዛፍ ባየ ቁጥር ሥሩ ላይ ይንበረከካል። ከሩቅ ያየው ሰው ሁሉ የሚጸልይ ይመስለው ነበር። እሱ ግን ልጡን ነበር የሚዳስሰው።

ከአባቴ የወረስኩት ይህን መንበርከክ ነው፤ ግማሹ ለጸሎት፣ ግማሹ ለፍተሻ።

ላስታን መጀመሪያ ያየኋት ከሚኒባስ መስኮት ነው። ተራራው እስከ አናቱ ታርሷል፤ ለዛፍ የተረፈ ቦታ ያለ አይመስልም። አልፎ አልፎ ግን ከሩቅ አንድ ጥቁር ጉብታ ይታያል፤ ቀረብ ሲሉ ጽድና ወይራ ነው፣ በመሀሉ ደግሞ ቤተክርስቲያን። አጠገቤ የተቀመጡ ባልቴት ጥቁሩ ነገር ብቅ ባለ ቁጥር ያማትቡ ነበር፤ ሕንጻው ገና ሳይታይ፣ ዛፉን አይተው። እኔም አብሬ አማተብኩ። ከደን አገር መጥቼ ለደን ሳማትብ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሥራዬ በመሥሪያ ቤቱ አጠራር ረጅም ስም አለው። ሲያጥር እንዲህ ነው፦ የቤተክርስቲያን ደን ለባለቤቶቹ የሚያስፈልጋቸውን እንጨትና ሣር ይስጥ፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ሁሉ፣ ከትልቁ ጽድ እስከ አጋሙ፣ ከወፉ እስከ ንቡ፣ ዘሩ ሳይጠፋ ይቀጥል። ሁለቱን አስታርቂ ተብዬ ነው የተላክሁት። ሽምግልና የያዘ ሰው ያውቀዋል፤ ሁለቱም ወገን ያምነኛል ብሎ የገባ ሽማግሌ በሁለቱም ተጠርጥሮ ይወጣል።

የምጽፈው ስለ አንዱ ደን ነው። ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ከሚወስደው መንገድ ተገንጥሎ በአንድ ሸንተረር ጀርባ ተደብቋል። ስሙን እተወዋለሁ፤ ደብሩን ማሳማት አልፈልግም።

የደብሩ ቤተልሔም፣ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት ማለቴ ነው፣ ጣሪያው ሊወድቅ ነው ተባለ። ከውጭ ሲታይ ቆርቆሮው ደህና ነው። የበሰበሱት ከሥሩ ያሉት ወራጅ እንጨቶች ናቸው አሉ። «አሉ» የምለው ስላላየሁ ነው። ሴት ወደ ቤተልሔም አትገባም። ሥርዓቱን አከብረዋለሁ፤ አንድም ቀን ከፍቶኝ አያውቅም። ግን ነገሩን በሥራዬ ዓይን ሳየው፣ ያላየሁት ብስባሽ ነው የማየውን ጽድ የሚያስቆርጠው።

ስምምነታችን ቀላል ነበር። የሚቆረጡትን ዛፎች እኔና የደብሩ የደን ኮሚቴ አብረን እንመርጣለን፤ የታመመውን፣ ተጨናንቆ እርስ በርሱ የሚተናነቀውን። ቆረጣው ከትንሣኤ በኋላ ክረምቱ ሳይገባ እንዲሆን ቀን ተቆረጠለት፤ እንጨቱ እንዲደርቅ። በመካከሉ ለስልጠና ወልድያ ወረድኩ። መንገዱ ተዘጋና ካሰብኩት በላይ እዚያው ቆየሁ። ስመለስ ምርጫው አልቆ፣ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ጠበቀኝ።

የደኑ ጥበቃ ጋቢውን ትከሻው ላይ የሚጥል፣ ጥያቄን በጥያቄ የሚመልስ ጎልማሳ ነው። አብረን ገባን። የመጀመሪያው ቀይ ምልክት ያለበት ጽድ ዘንድ ስንደርስ እንደ ልማዴ ተንበረከክኩ። ልጡ ደህና ነው። ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ የወጣ ጎበዝ ነው።

«እነዚህ እኮ አልታመሙም» አልኩት።

«ታመሙ ማን አለሽ?»

«ታዲያ ለምን ተቀቡ?»

«ለመቆረጥ ነዋ።»

«ያ ጠማማው፣ ሥሩ የበሰበሰውስ ለምን አልተቀባም?»

ቀና ብሎ አየው። «እሱማ ምን አደረገ?» አለኝ፣ ጎረቤቱን የሰደብኩበት ይመስል።

«መራጩ ማነው?»

«እኔ ጥበቃ ነኝ እታለም። እኔ የማውቀው የገባችውን ፍየል ነው። ገበዙን ጠይቂያቸው።»

አባቴ ቢሆን ምን እንደሚል አውቃለሁ። ጤነኛና ቀጥ ያለውን እየለየ የሚመርጥ ጣሪያ የለም፤ እንዲህ የሚመርጥ ገበያ ነው።

በዚያው ሰሞን ለሌላ ሥራ ፍላቂት ከተማ ሄጄ ነበር። ሚኒባስ ስጠብቅ ከአንድ ሱቅ ጀርባ የተከመረ እንጨት አየሁ። ጽድ ነው፤ ሽታው መንገዱን ተሻግሮ ይጣራል። ጠጋ ብዬ የተቆረጠበትን ጫፍ ዳሰስኩት። ገና እርጥብ ነው።

«ይህ ከየት የመጣ ነው?» አልኩት ነጋዴውን።

«ከመኪና ላይ።»

«መኪናውስ?»

«ከመንገድ ላይ።» አጠገቡ የቆሙት ሳቁ። «ትገዣለሽ ወይስ ትመረምሪያለሽ?»

ጽድ በየቦታው አለ፤ ገበሬም ከጓሮው ይቆርጣል። ይህን ለራሴ ነገርኩት። ራሴ ግን አልሰማኝም። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት ሳቀችብኝ። «አባትሽ ይህን ጠባዩን ይዞት ይሄዳል ብዬ ነበር፤ ለካ ላንቺ ትቶልሽ ነው። ጸልዪ እንጂ አትሰልዪ» አለችኝ።

ገበዙ የደብሩን ንብረት የሚጠብቁ አዛውንት ቄስ ናቸው። ቀጭን ናቸው፤ ሰው ሲናገር መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ይሰማሉ። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«እንኳን ደህና ገባሽ። ያ ብዙ ሕይወትሽ እንዴት ነው?» አሉኝ። «ብዝሃ ሕይወት» የሚለውን ቃል ከሰሙት ጊዜ ጀምሮ ሰላምታቸው ይህ ነው።

«ይመስገን። አባቴ፣ የተቀቡትን አይቼ መምጣቴ ነው።»

«አየሽልን! ልፋት ነው ልጄ። አንገታችን እስኪቆለመም።»

ግንድ ለመቀባት አንገት ምን እንዳቆለመመው አልጠየቅኩም። ጉራ መሰለኝ።

«ሁሉም ቀጥ ቀጥ ያሉት ናቸው።»

«ቀጥ ማለት ለጣሪያ ይጠላል?»

«አይጠላም። ግን ለአንድ ቤተልሔም ይህ ሁሉ ዛፍ?»

«ለቤተልሔሙ የሚበቃውን ዘንድሮ። የቀረው ለከርሞ ለዕቃ ቤቱ ይሆናል። ሆነም አልሆነ መውጣት አለባቸው።»

«ለምን አለባቸው?»

አገጫቸውን ከመቋሚያው አነሡ። «ይህንንማ አንች ብትነግሪኝ ነበር የሚያምረው፤ የተማርሽው አንች። ለመሆኑ ወልድያ ይህን ያህል ምን አቆየሽ?»

«መንገድ ተዘግቶ ነው።»

«እኮ፣ መንገድ» አሉና ወደ ደኑ ተመለከቱ። ያኔ ገባኝ። እኔ እሳቸው ዛፉን ለነጋዴ ሊሸጡ ነው ስል፣ እሳቸው እኔን ደኑን ለመንግሥት ላስወስድ የተላክሁ አድርገውኛል። እኔ የእሳቸውን ቤተልሔም አላየሁም፤ እሳቸውም የእኔን ወልድያ አላዩም።

ስወጣ ደግሞ የደብሩ አናጢ፣ በላሊበላ ከተማ ወርክሾፕ ያለው ሰው፣ ከተቀቡት ጽዶች አንዱን በገመድ ሲለካ አየሁት። ሲያየኝ ገመዱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና «ጤና ይስጥልን የጽድ እመቤት» ብሎኝ አለፈ።

ለቢሮ ባመለክት ቆረጣው ይታገዳል። ጣሪያው እውነት በስብሶ ከሆነ ግን ክረምት ላይ ይወርዳል፤ ቀሳውስቱም ከዚያ በኋላ እንኳን እኔን፣ የቢሮውን መኪና በዚያ አያሳልፉም፤ የአካባቢው ሌሎች ደብሮችም እንዲሁ። ዝም ብል ደግሞ የደኑ ምርጥ ዛፎች ከትንሣኤ በኋላ መሬት ላይ ናቸው። ዐቢይ ጾም ተጋምሷል። ጊዜ አልነበረኝም።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ለጾሙ ስግደት እዚያው ደብር ሄድኩ። ፀሐዩ ከብዶ ነበርና ከስግደቱ በኋላ ነጠላዬን አንድ ዝቅ ያለ የጽድ ቅርንጫፍ ላይ ጥዬ ጥላው ሥር አረፍኩ። ነፋስ ነበር። ነጠላውን ሳላራግፍ አጣፍቼው ወደ ላሊበላ ተመለስኩ። የተከራየሁባቸው እመቤት፣ ከመርፌ እስከ መንግሥት የማይጠረጥሩት የሌለ ባልቴት፣ ከበር ሳልገባ አስቆሙኝ።

«ምነው አንች! ነጠላሽን እርድ ውስጥ ዘፍዝፈሽው ነው?»

አየሁት። ከጥለቱ እስከ መሀሉ ቢጫ ብናኝ ለብሷል።

«የማን ቤት አልጫ ላይ ተኝተሽበት መጣሽ? ስግደት ሄድኩ ብለሽኝ!»

«የጽድ ነው እማማ።»

«ጽድ ደግሞ መቼ ነው ቢጫ የሚያወጣ?»

ጥለቱን ያዝ አድርጌ ብናኙን በጣቴ ፈተግኩት። ጽድ እንደ ኮሶ ነው፤ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ዛፍ ናቸው። ሴቴዋ ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ ትይዛለች። ወንዴው ፍሬ የለውም፤ በጫፉ ጫፉ ትንንሽ ቢጫ ነገር ያወጣና ብናኙን ለነፋስ ይሰጣል። ይህን ተምሬ ተፈትኜበታለሁ። ነገር ግን የተቀቡትን ዛፎች ሁሉ ያየኋቸው ከጉልበቴ ላይ ሆኜ ነው። ጥርጣሬ ዓይኔን ግንዱ ላይ ቸንክሮት ነበር። ነጠላዬን የጣልኩበት ዛፍ ግንዱ ቀይ የተቀባ ነበር።

በማግስቱ ጧት ተመልሼ ሄድኩና አንገቴን አቀናሁ። ቀይ ያለበት ዛፍ አንድም ፍሬ የለበትም፤ ጫፉ ቢጫ ነው። ቀይ የሌለበት ሁሉ ፍሬ አዝሏል። ያ ሥሩ የበሰበሰው ጠማማ ሳይቀር ወፍ እየተንጫጫበት ነበር። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድኩ፣ የሚያስተባብለኝ አንድ ዛፍ እየለመንኩ ዞርኩ። አላገኘሁም። ከሞላ ጎደል በዚያ ደን ያለ ወንዴ ጽድ ሁሉ ሞት ተፈርዶበታል።

ፍርሃቴ ከበፊቱ ባሰ። ሌባ ቢሆን መልካም መልካሙን ይወስዳል፤ ወንዴውን ብቻ ለቅሞ የሚጨርስ ምን ዓይነት ሌባ ነው? ደኑን ሊያመክን የተነሣ ሰው አለ?

ጥበቃውን አስከትዬ ገና ወዳልዞርኩበት ወደ ደኑ ላይኛው ክንፍ ወጣሁ። ቦታው ከደኑ በአለት የተከፈለ ነው፤ ነፋስ እንኳ እንደ ልቡ አይገባበትም። ያሉት ጽዶች ትልልቅ ናቸው፤ ሥራቸው ፍሬ ተነጥፏል። አንድ ቡቃያ ግን የለም። ወይራው አለ፣ አጋሙ አለ፣ ክትክታው አለ። ትንሽ ጽድ የለም።

«ፍየል ነው» አለ ጥበቃው።

«ካቡ ደህና አይደለም እንዴ?»

ካቡን አየው። አንድም የፈረሰ ድንጋይ አልነበረበትም።

«እዚህ ተቆርጦ ያውቃል?»

«በአባቶቻችን ጊዜ፣ ቤተክርስቲያኑ ሲታደስ።»

«የትኞቹ ነበሩ የተቆረጡት?»

«እንደ አሁኑ ነው» አለኝ። «የማያፈሩት።» ካወቅሁት ወዲህ ጥያቄ ሳይጨምር የመለሰልኝ መልስ ይህ ነው።

በቀጥታ ወደ ገበዙ ወረድኩ። ደጀ ሰላሙ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ «አባቴ፣ የቀባችሁት የማያፈሩትን ብቻ ነው?» አልኳቸው።

«ታዲያ የሚያፈራውን ልንቀባ ኖሯል?»

«ማን ነው እንዲህ ያላችሁ?»

አገጫቸውን ከመቋሚያው ቀና አደረጉ። ከዚያ ነገሩኝ። ኮሚቴው ተሰብስቦ መምረጥ አቅቶት ነበር። አንዱ የመረጠውን ሌላው «ለአማቹ ቤት ነው» ይላል። «እኔ ብመርጥ ገበዙ ሊሸጥ ነው ይሉኛል» አሉ። «አንችም ብለሻል፤ ፊትሽ ላይ አንብቤዋለሁ። ጠርጥር ከገንፎ መሀል ይገኛል ስንጥር እየተባባልን ገንፎው በረደ። ስለዚህ ሰው እንዳይመርጥ አደረግነው። ሱባኤ ያዝን። ወንጌሉ ፍሬ የማይሰጥ ዛፍ ዕጣው ምን እንደሆነ ይናገራል፤ ይህን ማንም ሊያጣምመው አይችልም። ከዚያ ወዲያ የቀረው ሥራ አንገት ማቅናት ነው። በየዛፉ ሥር ቆመን፣ አራታችንም አይተን፣ አንድ ፍሬ ካለ አለፍነው። አንድም ዛፍ በአድልዎ አልተቀባም።»

እንዲህ ያለ ንጹሕ ስሕተት አይቼ አላውቅም። እርስ በርስ የማይተማመኑ ሰዎች ለእምነታቸው ያስረከቡት ነገር ነበር። ልቤ ሊለዝብ ጀመረ። ግን የአናጢው ገመድ ትዝ አለኝ፤ በዚያ ደን ቀጥ ካሉት ጽዶች አብዛኞቹ የማያፈሩት ናቸው።

«ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ያመጣው ማነው?»

«መንፈስ ቅዱስ» አሉ ገበዙ። ትንሽ ቆዩና፣ «በአናጢው አድሮ» አሉ። ይህን ሲሉ ራሳቸውም የሰሙት ያን ጊዜ መሰለኝ። አገጫቸው ተመልሶ መቋሚያው ላይ ዐረፈ።

ነገሩን ለሕዝቡ እንድናገር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጊዜ ሰጡኝ። ከዚያ በፊት ከላይኛው ክንፍና ከታችኛው ደን ፍሬ ለቅሜ ቤቴ ወሰድኩ። ፍሬውን ጨፍልቄ ዘሩን አጠብኩና ውሃ በሞላ ጣሳ ውስጥ ጨመርኩት። ከታችኛው ደን የመጣው ከፊሉ ተንሳፈፈ፣ ከፊሉ ሰጠመ። የላይኛው ክንፍ ዘር ሁሉ ተንሳፍፎ ቀረ።

«ምን ማለት ነው?» አሉ እመቤት ከበላዬ ቆመው።

«ውስጡ ባዶ ነው። ወንዴ ስለሌለ አልተዳቀለም።»

«ከላይ ሲያዩት ግን ዘር ይመስላል» አሉ። «እንደ አንዳንድ ሰው።»

እሑድ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ፊት ተቀመጠ። እኔ ከሴቶቹ ወገን ቆሜ ነው የተናገርኩት። ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ካህናትን ላስተምር አልመጣሁም፤ ይህን አስቀድሜ ተናገርኩ። ሥራዬን ብቻ ነው የምናገረው ብዬ የጽዱን ወንዴና ሴቴ አስረዳሁ።

አናጢው ከኋላ ተነሣ። «ጌቶቼ፣ ወንድ ከሆኑ የታለ ተክሊላቸው? ማን አጋባቸው?»

ሳቅ ሆነ።

«ነፋስ ነው የሚያጋባቸው» አልኩ።

«ነፋስ ያጋባው ትዳር!» አለና ሳቁ ጨመረ። «ከቡና አገር መጥተሽ ለላስታ ሰው ጽድ ታስተዋውቂያለሽ?»

የሚያግዘኝ ከጎኔ መጣ። አንዲት አሮጊት ከሴቶቹ መሀል፣ ሳይነሡ፣ «አንተ ልጅ፣ ኮሶ ወንዴና ሴቴ እንዳለው አታውቅም? እናትህ ታጠጣህ የነበረችው የትኛውን ነው? የወንዴውን ብትጠጣ ኖሮ ትልህ እስካሁን ሆድህ ውስጥ ባረጀ!» አሉት። አሁን ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

ሁለቱን ጣሳ ለገበዙ አቀረብኩ። ዘሩን በራሳቸው እጅ ጨመሩት፤ ውሃውን ሁሉም ተራ በተራ አጎንብሶ አየው።

«ይህ ተንሳፋፊው የላይኛው ክንፍ ነው?» አሉኝ።

«አዎን አባቴ።»

«እኛው የቆረጥነው።»

«እናንተው።»

«በጣሳ ውሃ ወንጌል ልትሽሪ ነው?» አለ አናጢው። አሁን ማንም አልሳቀም። ይህ ቃል በዚያ ግቢ ውስጥ ቀላል ቃል አይደለም። መቁጠሪያዬን ጨብጬ ያዝኩት።

«ቃሉን አልሻርኩም፤ አንደበቴ ይያዝ» አልኩ። «የምለው እነዚህ መካን አይደሉም ነው። ያፈራሉ። ፍሬያቸው ግን ጎረቤታቸው ላይ ነው የሚታየው።»

ገበዙ እንደገና ወደ ጣሳው አጎነበሱ። ቀጥለው መቋሚያቸውን መሬት ላይ አንዴ መቱና ምልክቱ ይፋቅ አሉ። ደስታዬ ግን አንድ ትንፋሽ አልቆየም።

«ጣሪያውስ?» አሉኝ። «ቤተልሔሙ እኮ ዛሬም እንደበሰበሰ ነው።»

«ከሁለቱም እየተቀላቀለ ይቆረጥ። ከወንዴውም ከሴቴዋም፣ የታመመውና የተጨናነቀው።»

«ፍሬ ያዘለችውን? በእኔ እጅ?» አሉ አንድ ሌላ ቄስ። «እኔ ያቺን አልነካም።»

«ያንን ውሰዱ እንጂ፣ ያንን ሆዱ ባዶውን» አለ ጥበቃው ወደ አንድ አሮጌ ጽድ እየጠቆመ።

«እሱን ተውት፤ ውስጡ ጉጉት አለች» አልኩት።

«ጉጉት ለቤተክርስቲያን ምን ትሠራለች?»

«ቤተልሔም ውስጥ ስንዴ ይቀመጣል አይደል? አይጡን ማን የሚበላላችሁ ይመስልሃል?»

ይህ ግማሹን ሰው አሳመነ፤ ግማሹ ጉጉት ጥሩ ወፍ አይደለችም አለ። ክርክሩ እዚያው ሲዞር ቆይቶ በመጨረሻ አንድ ገበሬ ብድግ አለ። «እንግዲያ እሷ ትምረጥ! እኛ ስንመርጥ ተጠራጠርን፤ ወንጌል ይምረጥ ስንል ዘር የለውም ተባልን። ትምረጥና እንያት!»

እኔን የጣለኝ ይህ ነው። ለአስታራቂነት የመጣሁት ሴት ፈራጅ ሆንኩ። በሚቀጥሉት ቀናት ቀለም ይዤ ስዞር ግማሹ ደብር ከኋላዬ ነበር። እጄ ወደ አንዱ ግንድ በተዘረጋ ቁጥር ጥያቄ ይከተለኛል።

«ያኛውን ለምን ተውሽው? ለማን አስበሽው ነው?»

«አልፎ አልፎ ወንዴውን መተው ስላለብኝ ነው።»

«ያ ወንድ፣ ያ ወንድ ትላለች። ከወንድ ጋር ምን አላት?»

«የተከራየችበትን ቤት አጥር አይታችኋል? ባለቤቲቱ በዚህ ጽድ አዲስ አጥር ሊያሠሩ ነው ተብሏል።»

እመቤት አጥር የማሠራት ሐሳብ እንኳ አልነበራቸውም። ይህን ሲሰሙ ተቆጥተው፣ ለነገሩ ሲሉ ያለውን አጥር እንኳ ሳይጠግኑት ቀሩ።

ፍሬ ያዘለችውን የመጀመሪያዋን ሴቴ ስቀባ እኔም ፈራሁ። ጤነኛ አልነበረችም፤ ከሌላ ጋር ተጣብቃ ሁለቱም ሊሞቱ ነበር። ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም አማትቤ ነው የቀባኋት። ቄሱ ፊታቸውን አዞሩ። አናጢው ጠማማዎቹን እያየ «በዚህ ጣሪያ ልሥራ ወይስ ማረሻ?» እያለ ሲያጉረመርም ነበር። የእሱ ማጉረምረም ደግሞ ለእኔ መጽናኛ ሆነኝ፤ እሱ የጠላው ምርጫ ልክ ሳይሆን አይቀርም።

ከትንሣኤ በኋላ ተቆረጠ። ወንዶቹ ግንዶቹን እየተቀባበሉ፣ እያዜሙ ወደ ግቢው አስገቡ። ከደኑ እስከ ግቢው ድረስ ከእንጨቱ ኋላ ኋላ ሄድኩ፤ አንድም ወደ ሌላ መንገድ እንዳይታጠፍ። የቤተልሔሙ አጥር ዘንድ ስደርስ ቆምኩ። ከዚያ ወዲያ ለእኔ መንገድ የለም። የመጨረሻው ግንድ ገባ፤ በሩ ተገጠመ። ጥቂት ቆይቶ መዶሻ ተሰማ።

ቆሜ አዳመጥኩ። ምስማር እንጨት ውስጥ ሲገባ ድምፁ ከባዶ ምት ይለያል። ብቻ የትኛው እንጨት ውስጥ እንደሚገባ በጆሮ አይታወቅም። አሮጌውስ እውነት በስብሶ ነበር? ሲወጣ አየዋለሁ ብዬ ነበር፤ ብስባሹ ግን እዚያው ለኅብስቱ ማገዶ ሆኗል አሉ። አሉ ነው አሁንም።

ገበዙ ከውስጥ ወጡና አዩኝ።

«አላመንሽም፣ አይደል?»

«እንጨቱ መግባቱን አይቻለሁ አባቴ። ጣሪያ ላይ መውጣቱን ነው ያላየሁት።»

«እኔ ገብቼ አይቼልሽ መምጣቴ ነው። እየወጣ ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

አልኩ እንጂ ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም። እሳቸውም አልሄዱም። ወደ በሩ መለስ ብለው አዩ፤ ከዚያ አጥሩ ሥር ካለው ሰፊ ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«አይደክምዎትም አባቴ? እኔ እኮ እቆያለሁ» አልኳቸው።

«አናጢው ሲወጣ ምን ይዞ እንደሚወጣ አይቼ ነው የምሄደው» አሉና፣ ድንጋዩን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።